የማግዎርት ሻይ ለወር አበባ፣ ለእንቅልፍና ለህልም፦ ለጠያቂዋ እህት የተሰጠ ምላሽ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ኦንላይን ያዘዝሽው ማግዎርት የሚባል የደረቀ የመድኃኒት ቅጠል አለሽ፣ ፓኬቱ ላይ "አርቴሚዥያ" ብቻ ነው የተጻፈው። ወር አበባሽ ወጣ ገባ ስለሚል፣ ሲመጣም ስለሚያምሽ፣ እንቅልፍም ስለሚያስቸግርሽ ማታ ማታ እያፈላሽ መጠጣት ጀምረሻል። ጓደኛሽ ደግሞ አጭሽው ወይ ትራስሽ ውስጥ ክተችው ህልምሽ ቁልጭ ይላል ብላሻለች። ሰሞኑን ግን ስትጠጪው ከንፈርሽንና ላንቃሽን ያሳክክሻል፣ ጥሬ ካሮት ስትበዪም እንደዛው ያደርግሻል፣ በየዓመቱ አንድ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ማስነጠስም አለብሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ደሞ ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ነው። እናትሽም ካንቺ አይተው መጠጣት ጀምረዋል፣ እሳቸው ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። እና "ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?" ብለሻል።

መልሱን አላስጠብቅሽም፣ አንቺ ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚው። ተክሉ መርዝ ስለሆነ አይደለም፣ ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን የሚጠጣው ነገር ነው፣ ግን ካንቺ ነገሮች ውስጥ ሁለቱ፣ የአፍ ማሳከኩና እርግዝና መሞከራችሁ፣ ከማግዎርት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጩ ናቸው። የሚገርመኝ ኢንተርኔት ላይ ስለ ማግዎርት የሚያስፈራራው ጽሑፍ ሁሉ ዘይቱ ውስጥ ያለውን ኬሚካል እያነሳ ቱጆን ቱጆን ሲል ነው የሚውለው፣ አለርጂውን ግን በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ያጠናሁትም የመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ነው፣ በኔ እይታ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ወደ ቱጆን እመጣለሁ፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ግን ፓኬትሽ ውስጥ ያለው ምንድነው? አርቴሚዥያ የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይነግርሽም፣ በዚህ ስም ስር 500 ገደማ ዝርያ አለ። ማግዎርት የሚባለው አርቴሚዥያ ቩልጋሪስ ነው። ዎርምውድ የሚሉት በጣም መራራው አርቴሚዥያ አብሲንቲየም ነው፣ ቻይናዎች ሞክሳ ለሚባለው የሙቀት ሕክምና የሚያነዱት አርቴሚዥያ አርጂ፣ ጃፓኖች ዮሞጊ የሚሉት አርቴሚዥያ ፕሪንሴፕስ፣ የወባ መድኃኒት የወጣበት ደግሞ አርቴሚዥያ አንዋ ነው፣ እኛ አሪቲና ጭቁኝ የምንላቸውም እዚሁ ዘር ውስጥ ናቸው። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው ግን ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይለያያል፣ አንድ ዝርያ ራሱ እንኳን የበቀለበት ቦታና የተቆረጠበት ጊዜ ሲለያይ ዘይቱ ይለያያል፣ አንዱ ጋ ካምፎር ይበዛል፣ አንዱ ጋ ሲኒዮል፣ አንዱ ጋ ቱጆን። ስለዚህ አንድ ሰው "አርቴሚዥያ ጠጥቼ ተሻለኝ" ሲልሽ የትኛውን ብለሽ ጠይቂ። ሙሉ የሳይንስ ስሙ፣ የትኛው የተክሉ ክፍል እንደሆነና መቼ እንደታሸገ ያልተጻፈበትን ፓኬት እኔ አልገዛም፣ ማንንም ግዙ አልልም።

ማግዎርት ራሱ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚቆም ተክል ነው፣ ግንዱ ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ወይንጠጅ ያደላል፣ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከስር ግን ነጭ ጸጉር የለበሰ። ይሄ የቅጠሉ ስር ንጣት ዋናው መለያ ነው፣ ደርቆ ሲፈጭም እንደ ጥጥ ይጓጎላል እንጂ እንደ ሌላ ቅጠል አይበጣጠስም። ይሄን የምለው በተለይ ራሳቸው ለሚለቅሙ ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም በጃፓን ዮሞጊ የለቀሙ መስሏቸው አኮኒት የሚባለውን ገዳይ ተክል ቅጠል የለቀሙ ሰዎች ተመርዘዋል፣ በልጅነቱ ቅጠሉ ይመሳሰላል፣ አኮኒት ግን ከስሩ ያ ነጭ ጸጉር የለውም፣ ሲታሽም የማግዎርት ሽታ የለውም። ራግዊድ ከሚባለው አለርጂ ቀስቃሽ አረምም ጋር ሰው ያምታታዋል። ሌላው ደግሞ ማግዎርት የሚወደው መንገድ ዳር፣ የባቡር ሀዲድ ዳር፣ ፍርስራሽ የተደፋበት ቦታ ነው፣ ካድሚየምና መሰል ብረቶችን ከአፈር የሚስብ ተክል ስለሆነ ከመንገድ ዳር የተለቀመ ማግዎርት ንጹህ ነው ብሎ የሚምልልሽን አትመኚ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያልጠየቅሽውን ነው ግን ሁሌ ይመጣል። "ማግዎርት ወባን ያድናል" የሚል ነገር ይዞራል። አያድንም። መነሻው እውነት ነው፣ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1971 አካባቢ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ የመድኃኒት ጽሑፍ ላይ ተክሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ይጨመቅ የሚለውን አንብባ፣ ሙቀት መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆናል ብላ ኤተር በሚባል ማሟሟያ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ ከዛ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ተገኘ፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። ግን ያ ተክል አርቴሚዥያ አንዋ ነው፣ ማግዎርት አይደለም። አንዋም ቢሆን በሻይ መልክ ለወባ አይመከርም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በግልጽ የተክሉን ሻይም ዱቄትም ለወባ ህክምናም ሆነ መከላከያ አልደግፍም ብሏል፣ መጠኑ አነስተኛና ያልተረጋገጠ ስለሆነ በሽተኛው ሳይድን ይቀራል፣ ጥገኛ ተውሳኩም መድኃኒቱን የመላመድ ዕድል ያገኛል። ወባ የያዘው ሰው ሻይ እያፈላ ቀን አይፍጅ።

እሺ ወደ ባህላዊ አጠቃቀሙ። ይሄ ተክል ረጅም ታሪክ አለው፣ ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሳው በሴቶች ጉዳይ ነው። አርጤምስ የምትባለው የግሪኮች አምላክ የወላዶች ጠባቂ ተብላ ትታመን ነበር፣ ዘሩም በእሷ ስም ነው የተጠራው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዲዮስቆሪደስ የቀረ ወር አበባን ለማምጣትና የእንግዴ ልጅ እንዲወጣ ሴቶች ተክሉ በተቀቀለበት ውሃ እንዲቀመጡ ይመክር ነበር። በዛው ዘመን የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ተክሉን ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ አይደክመውም ብሎ ጽፏል፣ ጫማ ውስጥ መክተት የሚባለው ልማድ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በእነሱ በጋ አጋማሽ፣ በሰኔ በሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን ወገባቸውን በማግዎርት ጠምጥመው ይጨፍሩና በመጨረሻ እሳት ውስጥ ይጥሉታል፣ የዓመቱ በሽታ አብሮ ይቃጠል ብለው ነው። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የእንግሊዞች የፈውስ ድግምት ላይ ዘጠኝ ዕፅዋት ይጠራሉ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ማግዎርት ነው፣ የዕፅዋት ሁሉ ታላቅ ተብሎ። ሆፕስ የሚባለው የቢራ ማጣፈጫ ተክል ከመስፋፋቱ በፊት ቢራ ከሚያጣፍጡት ቅጠሎች አንዱም እሱ ነበር፣ ጀርመኖች እስካሁን ስብ የበዛበት ዝይ ሲጠብሱ ይጨምሩበታል።

በምሥራቅ እስያ ነገሩ ሌላ ነው፣ ዘመዶቹ እዛ ምግብም መድኃኒትም ናቸው። የኮሪያ አፈ ታሪክ ድቧ ማግዎርትና ነጭ ሽንኩርት ብቻ እየበላች ዋሻ ውስጥ ቆይታ ሴት ሆነች፣ የመጀመሪያውን ንጉሥ ዳንጉንን ወለደች ይላል። ጃፓኖች ለጋውን ቅጠል ከሩዝ ሊጥ ጋር ይወቅጡታል፣ ቻይናዎች በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን በር ላይ ይሰቅሉታል። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ለማሳመር አይደለም፣ አንድ ነገር ልብ እንድትዪ ነው፦ ምግብ ውስጥ የሚገባው ለጋ ቅጠል ነው፣ በትንሽ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ተደፍቶ። አንቺ የምትጠጪው ግን የደረቀ፣ ምናልባት ከነአበባው የተቆረጠ፣ በየቀኑ። "ሺህ ዓመት ሙሉ ሲበሉት ኖረዋል" የሚለው ክርክር ላንቺ ስኒ ማስረጃ አይሆንም።

ከባህላዊዎቹ ጥቅሞች የትኛው ያስኬዳል ካልሽኝ፣ መራራነቱ። መራራ ነገር ምራቅና የሆድ ፈሳሽ ያነቃቃል፣ ከስብ ምግብ ጋር መሄዱ ስሜት ይሰጣል፣ የምግብ ፍላጎት ለጠፋበት ሰው ከምግብ በፊት ትንሽ መራራ ሻይ መጠጣት የቆየ ዘዴ ነው። ለወር አበባ ሕመም ግን በሻይ መልክ ይሠራል የሚያሰኝ በሰው ላይ የተሠራ አሳማኝ ሙከራ የለም። ኮሚሽን ኢ የሚባለው የጀርመን የዕፅዋት መድኃኒት ገምጋሚ ቡድን ራሱ፣ ጀርመኖች ለዕፅዋት ምን ያህል በራቸው ክፍት እንደሆነ እየታወቀ፣ ማግዎርትን አላጸደቀውም፣ ጥቅሙ አልተረጋገጠም አለ፣ ማስወረድ ሊያመጣ ይችላል የሚለውንም አነሳ።

በደንብ የተጠናው ሞክሳ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚጠጣ አይደለም። የደረቀውን ቅጠል ያ ነጩ ጥጡ እስኪቀር ወቅጠው እንደ ሲጋር ይጠቀልሉታል፣ ያቀጣጥሉትና ቆዳ ሳይነካ ሙቀቱን የተወሰነ ነጥብ ላይ ያሳርፉታል። በጣም የሚታወቀው ጥናት በ1998 የወጣው ነው፣ ልጃቸው በመቀመጫው ወደ ታች የተቀመጠ 260 የመጀመሪያ እርግዝና ያላቸው ቻይናውያን ሴቶች ላይ፣ ከ33ኛው ሳምንት ጀምሮ ትንሿ የእግር ጣት ጥፍር ጎን ሲሞቅ፣ በ35ኛው ሳምንት 75.4 በመቶው ልጅ በጭንቅላቱ ዞሮ ነበር፣ ሞክሳ ካላገኙት 47.7 በመቶ። ሰዉ ጉድ አለ። ከዛ በጣሊያን ሲደገም ብዙ ሴቶች ሽታውና ጭሱ አስቸግሯቸው አቋረጡ፣ በ2005 የወጣው ውጤት ልዩነት አላሳየም። ከዚያ በኋላ ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2023 ያወጣውን ጨምሮ፣ ከመደበኛው ክትትል ጋር ሲሰጥ ሳይረዳ አይቀርም ወደሚለው ያዘነብላል። እኔም እዛው ነኝ፣ ሐኪሙ እያወቀ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ መስኮት ተከፍቶ ቢሞከር አልቃወምም። ጉዳቱ መቃጠል፣ ጭስና አስም መቀስቀስ ነው። ግን ልብ በይ፣ ከውጪ ሙቀቱ ለነፍሰ ጡር ተሞከረ ማለት ሻዩን ነፍሰ ጡር ትጠጣው ማለት አይደለም፣ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ይሄ አደገኛ መደባለቅ ነው።

አሁን ወዳንቺ አፍ ማሳከክ ልምጣ፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው።

የማግዎርት አበባ ዱቄት፣ ፖለኑ ማለቴ ነው፣ በንፋስ የሚበተን ነው፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሐምሌ እስከ መስከረም አየሩን ይሞላዋል። በአውሮፓ ከፖለን አለርጂ ታማሚዎች ከ10 እስከ 14 በመቶ ለሚሆኑት ምክንያቱ ይሄ ነው። ዋናው አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን አርት ቪ 1 ይባላል፣ ከሱ ሌላ አርት ቪ 3 የሚባል አለ፣ ይሄኛው ሙቀት የሚችል የፕሮቲን ቤተሰብ ውስጥ ነው፣ ኮክ ላይ ካለው ፕሮቲንም ጋር ይመሳሰላል። ሰውነትሽ አንዴ እነዚህን ጠላት ብሎ ከመዘገበ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ፕሮቲን በምግብ ሲመጣም ያንኑ ምላሽ ይሰጣል። በሕክምናው የሰለሪ፣ የማግዎርትና የቅመም ሲንድሮም የሚባል ራሱን የቻለ ነገር አለ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሰለሪ፣ ካሮት፣ ፓርስሊ፣ ድምብላል፣ እንስላል፣ አኒስ፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሰናፍጭ ይገባሉ። ካሮትሽን አየሻት?

ለዚህ ነው ጥያቄሽን ሳነብ ካሮቱ ላይ ስደርስ ቀጥ ያልኩት። ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ማስነጠስ፣ ጥሬ ካሮት ሲበላ አፍ ማሳከክ፣ ከዛ የማግዎርት ሻይ ሲጠጣ ያው ማሳከክ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ በጣም የሚያስጠረጥር ነገር ነው። በምርመራ ሳይረጋገጥ አለርጂ ነው ብዬ አልፈርምልሽም፣ ግን እስኪረጋገጥ ድረስ እንደሆነ አድርጎ መያዝ ነው ያለብን። አፍ ላይ ብቻ የሚቀር ማሳከክ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ በግማሽ ሰዓት ይጠፋል፣ ሰውም ይንቀዋል። ችግሩ የዚህ ቤተሰብ አለርጂ ሁሌ አፍ ላይ አይቆምም፣ በተለይ የሰለሪው ከበድ ያለ ምላሽ በማምጣት ይታወቃል፣ አንዳንዱም ተቀቅሎ እንኳን አይጠፋም፣ ስለዚህ "የፈላ ስለሆነ" ብለሽ አትተማመኚ። አንቺ ደሞ ፖለን የተቀላቀለበት ሊሆን የሚችል ተክል ነው በየማታው እየነከርሽ የምትጠጪው። ጉሮሮሽ ካበጠ፣ ድምጽሽ ከተቀየረ፣ ደረትሽ ሲር ሲር ካለ፣ ሰውነትሽ ሽፍ ካለ ወይ ካዞረሽ ቁጭ ብለሽ ይለፍልኝ የምትዪበት ጊዜ አይደለም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ኤፒነፍሪን (አድሬናሊን) የሚባለው መርፌ ነው መድኃኒቱ፣ የአለርጂ ክኒን ብቻውን አይበቃም።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅሽ። ማግዎርት ሲከለከል ሰው ቶሎ የሚዞረው ወደ ካሞሜል ነው፣ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው ስለሚባል። ካሞሜል እዛው የሱፍ አበባ ቤተሰብ ውስጥ ነው፣ የማግዎርት አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ካሞሜል ሻይ ጠጥተው ከባድ አለርጂ ውስጥ የገቡበት ሁኔታ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግቧል። ኢኪኔሺያ የሚባለው የዕፅዋት መድኃኒትም እዛው ቤተሰብ ነው። ሳትመረመሪ እነዚህንም አትጀምሪ። ምርመራው ቀላል ነው፣ የቆዳ ላይ መውጊያ ወይም አይጂኢ የሚባለውን የአለርጂ ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ። ለቆዳው ምርመራ የአለርጂ ክኒን ከቀናት በፊት መቆም አለበት፣ ስንት ቀን እንደሆነ እዛው ይነግሩሻል፣ ለደሙ ግን ማቆም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ እርግዝናው ነው፣ እዚህ ላይ ነገሩን ረጋ ብለሽ እንድታስቢው እፈልጋለሁ። ወር አበባዬ ወጣ ገባ ይላል፣ ለሱም ማግዎርት እጠጣለሁ ብለሻል። ልጅ እየሞከረች ያለች ሴት ወር አበባዋ ሲዘገይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ምንድነው? እርግዝና ነው። ታዲያ አንቺ በዛችው ቀን የምትጠጪው ተክል ሺህ ዓመት ሙሉ የቀረ ወር አበባን ለማምጣት ሲባል የተሰጠ ተክል ነው። ይሠራል አይሠራም የሚለው ለብቻው ክርክር ነው፣ ባይሠራ ምንም አላገኘሽም፣ ቢሠራ ደግሞ የምትፈልጊውን ነገር ነው የሚያሳጣሽ። በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው። የዕፅዋት መድኃኒት ሰዎች ራሳቸው፣ በጣም ደጋፊ የሆኑት እንኳን፣ በእርግዝና ጊዜ ማግዎርት አይጠጣም ሲሉ አንድ ናቸው። ጡት ለምታጠባም ደህንነቱ አልተጠናም፣ እኔ አልሰጥም።

እስካሁን ጠጥተሽ ከነበረና እርጉዝ ሆነሽ ብትገኚ ደሞ አትደንግጪ፣ ጥቂት ስኒ ሻይ ተጠጣ ተብሎ ሰው ተስፋ አይቆርጥም፣ አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ። ደም ወይም ቁርጠት ካለ ግን በዛው ቀን ታዪ።

ቱጆን። እሺ፣ ይሄ ቱጆን የሚባለው የዘይቱ አንዱ ክፍል ነው፣ አእምሮ ውስጥ ጋባ የሚባለውን ማረጋጊያ ስርዓት ይዘጋል፣ በብዛት ከገባ ሰውን ያንቀጠቅጣል፣ የሚጥል በሽታ ያስመስላል። ይሄ እውነት ነው። ግን የሚያስፈራራው ታሪክ የመጣው ከዎርምውድ ከሚሠራው አብሲንት ከሚባል ጠንካራ አልኮል ነው፣ ፈረንሳይ በ1915 ያገደችው፣ ሰው የሚያብደው በቱጆን ነው ተብሎ። በኋላ በ2008 ከእገዳው በፊት የታሸጉ 13 አሮጌ ጠርሙሶች ተከፍተው ሲመረመሩ ቱጆናቸው በሊትር ከ0.5 እስከ 48.3 ሚሊግራም ነበር፣ አማካዩ 25 አካባቢ። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ከአርቴሚዥያ ለሚሠራ አልኮል የፈቀደው 35 ሚሊግራም በኪሎ ነው። እና ሰዎቹን ያበላሻቸው ከምንም በላይ አልኮሉ ራሱ ነበር። ቱጆን ውሃ ውስጥም በደንብ አይሟሟም፣ ስለዚህ ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ የሚጠጣት ደካማ ሻይ በቱጆን በኩል ብዙ አታሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ተክሉ በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ቲንክቸር ነው፣ አልኮል ስለሆነ አውጥቶ ይሰበስበዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጨምቆ የወጣው ዘይት፣ ኢሴንሺያል ኦይሉ ነው። በ1997 የተመዘገበ ነገር አለ፣ አንድ የ31 ዓመት ሰው የዎርምውድ ዘይት ኦንላይን አዞ አብሲንት መስሎት 10 ሚሊሊትር ገደማ ጠጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጡንቻው ፈረሰ፣ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። በጠብታ የሚሸጡትን ዘይቶች ማንም አይጠጣ፣ በቃ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደሞ ሻዩንም ይተወው።

የጓደኛሽን የህልም ነገር ቶሎ ልለፈው። ማግዎርት ህልም ያበዛል የሚለው በደንብ በተሠራ ጥናት የተደገፈ አይደለም፣ ሰው ህልም አያለሁ ብሎ እየጠበቀ ሲተኛ፣ ሌሊትም ከቅጠሉ ሽታ የተነሳ ሲነቃ ህልሙን የበለጠ ያስታውሳል፣ እኔ በዚህ ነው የምፈርጀው። ማጨስ ደግሞ ምንም ቢሆን ቅጠል ማጨስ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ሬንጁም አብሮ ይገባል። ላንቺ ትራሱም ይቅርብሽ፣ አለርጂ የምትጠረጥሪውን ተክል ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫሽ ስር ማስተኛት ምን የሚሉት ነው።

ለሕመሙ ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። ሙቀት። በ2001 የወጣ ጥናት ሆድ ላይ 39 ዲግሪ ገደማ የሚቆይ ማሞቂያ ለወር አበባ ሕመም ከአይቡፕሮፌን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፣ ርካሽም ነው ጉዳትም የለውም፣ ቆዳ እንዳይቃጠል ብቻ። አይቡፕሮፌንም ይሠራል፣ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ከሌለብሽ፣ ግን ልጅ እየሞከርሽ ስለሆነ ወር አበባው በትክክል ከመጣ በኋላ ብቻ ውሰጂው፣ በምትጠረጥሪበት ቀን አይደለም። ወጣ ገባ ማለቱ ግን ሕመም ማስታገሻ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚፈልገው። ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ችግር የለውም፣ ከዛ ካለፈ፣ ወይ 3 ወር ከቀረ፣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ከዛ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው የእንቁላል እጢ ችግርም ይታያል። ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከመጣ ወይ ግንኙነት ላይም ካለ ኢንዶሜትሪዮሲስን፣ የማህፀን ሽፋን መሰል ሕዋስ ከማህፀን ውጪ የሚያድግበትን በሽታ፣ ማሰብ ነው። ያን ጊዜ በሻይ ያሳለፍሽው ወራት ያስቆጭሻል። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም ካልጀመርሽ ደሞ አሁን ጀምሪ፣ ከእርግዝናው በፊት ነው የሚያስፈልገው።

አለርጂ የሌለበት፣ ያላረገዘች፣ የማታጠባ፣ የሚጥል በሽታ የሌለበትና ቋሚ መድኃኒት የማይወስድ ሌላ አንባቢ ለምግብ መፈጨት ልሞክረው ካለ፣ በባህላዊ አጠቃቀሙ ከ1 እስከ 2 ግራም የደረቀ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በአንድ ስኒ ፈላ ያለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተነክሮ፣ ያ ጸጉሩ ጉሮሮ እንዳይቧጥጥ በደንብ ተጠልሎ ከምግብ በፊት ይጠጣል። ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት አይደለም። ለሕፃን አይሰጥም።

እናትሽን በተመለከተ፣ እሳቸው ጋ ያለው ስጋት ሌላ ነው። የማግዎርት ቅርብ ዘመድ የሆነውን ዎርምውድ ከዋርፋሪን ጋር የወሰዱ አንዲት አዛውንት ደማቸው ከመጠን በላይ ቀጥኖ ሆዳቸው ውስጥ እንደደሙ ተመዝግቧል፣ ማግዎርት ውስጥም ደም ያቀጥናሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች አሉ፣ ስለዚህ አይጠጡት። ግን ዝም ብለሽ ፓኬቱን ከቤት አውጥተሽ አትጣይና ጨረስኩ አትበዪ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በየቀኑ የሚጠጣውን ቅጠል ሲጀምርም ሲያቆምም የደሙ ልክ ሊናወጥ ይችላል፣ ምናልባት በመሃል ተለክተው መጠኑ ከሻዩ ጋር ተስተካክሎላቸው ከሆነ ሻዩ ሲቆም ደግሞ ደማቸው ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ ለሚከታተላቸው ክሊኒክ ሻዩን መቼ እንደጀመሩ፣ በቀን ስንት ስኒ እንደሆነና ያቆሙበትን ቀን ንገሪያቸው፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ አይኤንአር (የደማቸውን መቅጠን የሚያሳየውን ልክ) ይለኩ፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት፣ የዋርፋሪኑን መጠን ግን ከክሊኒኩ ውጪ እሳቸውም አንቺም አትንኩት። ሰገራቸው ከጠቆረ፣ ድድ ወይ አፍንጫ ከደማ፣ ሳይመቱ ከበለዘ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ፓኬቱንም ያዥ፣ ምን እንደጠጡ ለማወቅ ሐኪሙ ያስፈልገዋል።